ያውቁ ኖሯል? ተቆጣጣሪው ከማመንጫው ቀድሟል

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣንን ስታቋቁም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አልነበራትም፤ ዛሬም የላትም። ተቆጣጣሪ ያስፈለገው፣ የራጅ ክፍል እንኳ ያለ ፈቃድና ያለ ፍተሻ ሊሠራ ስለማይገባ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1025 ኑክሌርንም በግልጽ አካተተ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከሩሲያ ጋር የማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ማመንጫ ሲታሰብ ደግሞ የተቆጣጣሪው ነጻነት ጥያቄ ይነሣል፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት አባል አገሮች ተቆጣጣሪውን፣ ማለትም ፈቃድ የሚሰጠውን፣ የሚፈትሸውንና የሚያግደውን አካል፣ ኑክሌርን ከሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት እንዲለዩ ያስገድዳል፤ ጃፓን ግን፣ የረጅም ጊዜ የኑክሌር ልምድ ይዛ፣ ተቆጣጣሪዋን ከአስፋፊው ሚኒስቴር ሥር ያወጣችው ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።