ኤፒ ማለፍና ክሬዲት ማግኘት ይለያያሉ

አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ አካዳሚክ አማካሪ ነኝ። ጁላይ ላይ የኤፒ (በሃይስኩል የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ፈተና) ውጤት ሲወጣ የሐበሻ ወላጆች ጥያቄ ይጎርፍልኛል፦ «ልጄ 3 አምጥቷል፤ አንድ ኮርስ ቀነሰለት አይደል?»

ገና ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል እንጂ ክሬዲቱን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው። አንዱ 3 ይበቃኛል ሲል ሌላው 5 ይጠይቃል። ኤምአይቲ በካልኩለስ ቢሲ 5 ላመጣ የመጀመሪያውን ካልኩለስ ይቆጥርለታል፤ ካልቴክ ግን ለኤፒ ክሬዲት አይሰጥም።

ፕሌስመንት ደግሞ ሌላ ነው። ከፍ ካለ ኮርስ ያስጀምራል እንጂ ለመመረቂያ የሚፈለገውን ክሬዲት አይቀንስም።

ሐኪም መሆን ለሚያስብ ልጅ ክሬዲቱን ተጠቀም ለማለት አልቸኩልም። አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ፋንታ ኤፒ አይቀበሉም።

ውጤቱ በራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይሄድም፤ ልጁ ከኮሌጅ ቦርድ አካውንቱ ያስልከው። የዩኒቨርሲቲውን ስምና ነጥቡን ጻፉልኝ፣ አብረን እናያለን።