መርከቧ ራሷ ባለዕዳ ስትሆን

ስሙኝማ! አገራችን በአንድ ወቅት የባሕር ኃይል እንደነበራት ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሁሉ መርከብ የት ገባ? መልሱ ሐራጅ ነው! መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ በወደቧ ቆመው የነበሩትን የኢትዮጵያ የጦር መርከቦች ይዛ ለሽያጭ አወጣቻቸው። ምክንያቱ ጦርነት አልነበረም፤ ያልተከፈለ የወደብ ክፍያ ነው።

እንዴ! ወደብ የሌላ አገር የጦር መርከብ እንዴት አድርጎ ይሸጣል? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። አሁን ገብቶኛል፤ እዚህ አርባ ምንጭ ሴቻም ያላችሁ ሲቀላም ያላችሁ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምር።

የባሕር ኃይላችን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። የመርከቦቹ ሁሉ አውራ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ የእሷን ታሪክ ካነሳሁ ማቆም ያቅተኛል። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሠሯት ስሟ ኦርካ ነበር፤ ሥራዋም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መደገፍ። የት ተሠራች መሰላችሁ? ሐይቅ ዳር! ሲያትል አጠገብ ባለው በዋሽንግተን ሐይቅ፤ ከዚያ ወደ ባሕር የሚወጣው ውሃው መርከብን ከፍና ዝቅ እያደረገ በሚያሻግርበት፣ በር ባለው ቦይ ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ግን በውሰት። ተገዝታ የእኛ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የባሕር ኃይላችን አውራ የነበረችው መርከብ የሰው ንብረት ነበረች ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጥን፣ የሶቪየት መርከቦች መጡ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ አሰብ። መርከቦቹ ቤት አልባ ሆኑ። አብዛኞቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። «ኢትዮጵያ» እዚያው ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረቷ ተሸጠች። መንቀሳቀስ የሚችሉት በዚያው ዓመት ወደ ጅቡቲ ተዛወሩ።

ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው። የብረት መርከብ ቆመች ማለት አረፈች ማለት አይደለም። የባሕር ጨው ብረት ይበላል። ስለዚህ ከውሃ በታች ባለው አካሏ ላይ የዚንክ ቁራጭ ይለጠፋል፤ ጨዋማው ውሃ ብረቱን ትቶ ዚንኩን ይበላል፣ ዚንኩ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ብረትን ለማዳን ሌላ ብረት ለባሕሩ ይቀርባል፤ አይገርምም? ቀለሟም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ከውሃ መውጣት ይኖርባታል። ሰውም ገንዘብም ከጠፋ ይህ ሁሉ ይቀራል፣ ዋጋዋም ከወር ወር ይወርዳል።

ወደቡ በበኩሉ ይቆጥራል። ክፍያው የሚሰላው በመርከቧ ትልቅነትና በቆይታዋ ነው፤ ለነገ ብሎ አይጠብቅም። እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አስቡልኝ፦ ዋጋዋ ይወርዳል፣ ዕዳዋ ይወጣል። ሁለቱ የሚገናኙባት ቀን አለች! ከዚያች ቀን በኋላ ባለቤቱ ዕዳውን ከፍሎ ቢወስዳት ይከስራል፤ ትቷት መሄድ ይሻለዋል። ወደቡም ቢሆን በጠበቀ ቁጥር መያዣው እጁ ላይ እየዛገ ያልቃል። ለሁለቱም ወገን መቆየት ኪሳራ የሚሆንባት ቀን እሷ ናት። ይህ ሲገባኝ ሐራጁ ድንገተኛ ነገር መሆኑ ቀረ፤ መርከቦቹ ከቆሙበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሲመጣ የነበረ ነገር ሆኖ ታየኝ።

«ባለቤቱን አይከሱም? ዕቃውን ለምን ይሸጣሉ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ! ባጃጃችሁን ጋራዥ አስገብታችሁ የእጅ ዋጋ ሳትከፍሉ ብትጠፉ መካኒኩ እናንተን ፍለጋ አይዞርም፤ ባጃጇን አይለቅም፣ በቃ። ለወንድማችሁ ብትሸጡለት እንኳ ሊወስዳት ሲመጣ ያው ሂሳብ ይጠብቀዋል። የመርከብ ሕግ ይህንኑ እስከ ጥግ ወስዶታል። ባለቤት ብትቀይር፣ ስም ብትቀይር፣ ባንዲራ ብትቀይር፣ የወደብ ክፍያና የመርከበኛ ደመወዝ አብሯት ይሄዳል። ባለዕዳዋ ራሷ መርከቧ ናት! ምክንያቱም ባለቤቷ የዓለም ሌላ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወደቡ በእጁ ያለው እሷን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከመርከብ ሽያጭ ገንዘብ ቀድመው ከሚከፈሉት መካከል የፍርድ ቤት ወጪንና የወደብ ክፍያን አስቀምጧል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ይህን ሐሳብ ያውቀዋል።

ታዲያ ዕዳ የተጣበቀባትን መርከብ ማን ይገዛል? ማንም! ስለዚህ ሕጉ ሌላ ብልሃት ፈጠረ። የንግድ መርከብ በፍርድ ቤት ሐራጅ ስትሸጥ ዕዳው ከመርከቧ ይላቀቅና ገንዘቡ ላይ ይጣበቃል። አበዳሪዎች ገንዘቡን በተራ ይካፈላሉ፤ ገዢው ንጹሕ መርከብ ይዞ ይወጣል። ይህ ንጽሕና በሌሎች አገሮችም እንዲከበር የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2022 የቤጂንግ ስምምነት የሚባለውን አጽድቋል።

አንድ ነገር እንዳልዘል። የጦር መርከብ ልዩ ናት፤ በዓለም አቀፍ ሕግ የሌላ አገር ባለሥልጣን እንዳይነካት ከለላ አላት። የመርከቦቻችን ከለላ ግን ለቆሙበት ቦታ ኪራይ አይከፍልም፣ ዝገትም አያቆምም። ከአሰብ በኋላ የራሱ ወደብ የሌለው የባሕር ኃይል በሰው ወደብ ላይ ዓመታት ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ። እኔ ይህን ሳስብ ያዝናል ልቤ፤ እነዚያ መርከበኞች ዕድሜያቸውን የሰጡት ለባሕሩ ነበር።

ወደ ሐራጁ እንመለስ፤ ገዢው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሊነዳት ይፈልጋል፤ ሞተሩን፣ መሪውን፣ መሣሪያውን ያያል። ሌላው ቆራሌ ነው፤ እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ፣ ያለ ጭነትና ያለ ነዳጅ ባዶ ክብደቷ ስንት ቶን ነው? ቶኑን በብረት ዋጋ ያባዛል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ አለቀ። የመጨረሻውን ወለል የሚያስቀምጠው ቆራሌው ነው፤ መርከብ ከብረቷ በታች አትሸጥም። የሚነዳት ሰው ከወለሉ በላይ የሚከፍለው ብረቱ ገና መርከብ ስለሆነ ነው!

ጅቡቲ ላይ የታየውም ይኸው ነው። ኤርትራ ከመርከቦቹ አሥራ ስድስቱን ፈልጋ ነበር፤ የገዛችው ግን አራት ብቻ፦ አንዲት ሶቪየት ሠራሽ ኦሳ ሚሳይል ተወንጫፊ ጀልባና ሦስት አሜሪካን ሠራሽ ስዊፍትሺፕስ ቃፊር ጀልባዎች። ለምን አራት? በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ከየመን ጋር በሐኒሽ ደሴቶች ተታኩሳ ነበር፣ ጉዳዩም ወደ ግልግል እየሄደ ነበር። በዚያ ሰዓት አሥራ ስድስት የጦር መርከብ መግዛት እሳቱን ማራገብ ይሆን ነበር። ሐራጅ ላይ እጅ የሚወጣው በገንዘብ ልክ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጎረቤትም ያያል ለካ! የቀሩት ለቆራሌ ሄዱ።

ቆራሌው ጋ የደረሰች መርከብ ሁሏም ብረት አይደለችም። አልጋ፣ ወንበር፣ የወጥ ቤት ድስት፣ ኮምፓስ፣ የሕይወት አድን ጀልባ አላት። ሕንድ ውስጥ አላንግ በተባለው ትልቁ የመርከብ መቁረጫ ዳርቻ መንገዱ ግራና ቀኝ ከመርከብ በወጣ ዕቃ የተሞሉ ሱቆች ናቸው። ለታሪክ አንድ ነገር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው። ሐራጁ ከመዘጋቱ በፊት ኮምፓሱና መሪው በቶን ሂሳብ ውስጥ ናቸው፣ ከጠቅላላው ክብደት እዚህ ግቡ አይባሉም። ሱቅ ከደረሱ በኋላ የራሳቸው ዋጋ ይወጣላቸዋል። በጋዝ ከተቆረጡ ደግሞ የሚገዛ ነገር የለም።

የመንግሥት የንግድ መርከቦቻችንም አንድ ቀን ያረጃሉ፤ ያን ጊዜ አንዲት መርከብ የምትነዳበት ክፍል፣ ከነመሪዋና ከነኮምፓሷ፣ ተነቅላ ወደ እኛ ብትመጣ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! አባያና ጫሞን እያየ ያደገ ልጅ መሪውን ጨብጦ ያዞረው ነበር። ጥያቄው የጨረታው ማስታወቂያ ሲወጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት በጽሑፍ መግባት አለበት፤ ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ፣ የምትፈርሙ ስማችሁን ላኩልኝ።