በላይብረሪው የሌለ ዕቃ ሲገጥማችሁ፦ ለሰርኪዩት ንድፍ የራሳችሁን ምልክት እንዴት ትሠራላችሁ?

እስቲ አንድ ጊዜ «ባንክ» በሉ። አሁን ደግሞ ቀስ ብላችሁ ድገሙት። ከ«ክ» በፊት ያለው «ን» ምላሳችሁ ጥርስ ጋ ሳይደርስ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ አይደል? በአማርኛ ለዚህ ድምፅ የተለየ ፊደል አያስፈልገንም። በአዊ ዞን የሚነገረው አዊኛ ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቋንቋው በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ «ገ»ን የሚመስል ሌላ ፊደል ይጠቀማል። የእንጅባራና የዳንግላ ተማሪዎች የቋንቋውን ስም «አውጚ» ብለው ሲጽፉ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል እሱ ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ንድፍም ፊደል አለው፤ ምልክቶቹ ናቸው። ታዲያ እናንተ የያዛችሁት ዕቃ ምልክት ከሌለውስ? ራሳችሁ ትሠሩለታላችሁ። ከባድ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳታችሁ ግን መዘዙ ብዙ ነው።

ምልክት ሥዕል አይደለም

ሬዚስተርን አንዱ መጽሐፍ በአራት ማዕዘን፣ ሌላው በዚግዛግ መስመር ያሳየዋል። የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው በአሜሪካ የተለመደው። ሁለቱም ገበያ ላይ የምናየውን ባለ ቀለበት ሬዚስተር አይመስሉም። ግን ማንም አይደናገርም። ለምን? ምልክቱ የሚነግረን የዕቃውን መልክ ሳይሆን ስንት እግር እንዳለውና እያንዳንዱ እግር ምን እንደሚሠራ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ንድፍ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። ከታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ኪካድ ነው፤ ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ሻራስ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሲሆን በነጻ ይገኛል። የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ባለሙያዎችም እድገቱን አግዘዋል። ላይብረሪው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶች ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።

ታዲያ ለምን አዲስ ያስፈልጋል?

ምሳሌ እንውሰድ። የአዊ ደጋ ድንች ይወዳል። ለዘር የተቀመጠ ድንች ግን ሲሞቀው ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ እርጥበት ሲበዛበት ይበሰብሳል። እንበልና እንጅባራ ያለ አንድ የተማሪዎች ክበብ የድንች መጋዘን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ሊሠራ ተነሣ። ዲኤችቲ22 የሚባለውን ሴንሰር መረጡ።

ብቻውን ሲሸጥ ዲኤችቲ22 አራት እግር አለው፦ 1ኛው ኃይል፣ 2ኛው ዳታ፣ 3ኛው ከምንም ጋር አይገናኝም፣ 4ኛው ግራውንድ። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የምናገኘው ግን በትንሽ ሰሌዳ ላይ የተገጠመውን ባለ ሦስት እግር ሞጁል ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ የእግሮቹ ቅደም ተከተል እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ «ኃይል፣ ዳታ፣ ግራውንድ» ይላል። ሌላው «ዳታ፣ ኃይል፣ ግራውንድ»። ሴንሰሩ ያው ነው፤ እግሩ ግን ተቀያይሯል! የአንደኛውን ምልክት ለሁለተኛው ብትጠቀሙ ኃይሉ በዳታው እግር ይገባል። ሴንሰሩ ቢያንስ አይሠራም፤ ሲብስም ይበላሻል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ተዉትና ሞጁሉን እጃችሁ ላይ ያዙ። አጠገቡ የተጻፈውን እያያችሁ የእግሮቹን ተራ በወረቀት ጻፉ። ቺፕ ከሆነ ደግሞ የአምራቹን ዳታሺት ክፈቱ። ከዚያ፦

1. በምልክት አርታዒው ውስጥ የራሳችሁን ላይብረሪ ክፈቱ። ከፕሮግራሙ ጋር በመጣው ላይ አትነካኩ።

2. ለአዲሱ ምልክት ስም ስጡት። ስሙ ውስጥ የእግሮቹን ተራ ብታስገቡ ጥሩ ነው፤ «ዲኤችቲ22 ሞጁል፣ ኃይል-ዳታ-ግራውንድ» እንደ ማለት። ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁን ታመሰግናላችሁ።

3. አራት ማዕዘን ሥሉና ሦስት ፒኖች ጨምሩበት። ፒን ማለት የእግሩ ምልክት ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ሽቦ የሚያያዝባት ቦታ ናት፤ ወደ ውጭ መዞር አለባት። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይገለብጧታል፤ ከዚያ ሽቦው የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም።

4. ፒኖቹን በተለመደው የ1.27 ሚሊሜትር ፍርግርግ ላይ አስቀምጡ። ከፍርግርጉ ከወጡ ሽቦ አያገኛቸውም።

5. ለእያንዳንዱ ፒን ሦስት ነገር ሙሉ፦ ስም፣ ቁጥርና ዓይነት።

ቆም ብለን እነዚህን ሦስቱን እንያቸው፤ ዋናው ነገር ያለው እነሱ ላይ ነው።

ስሙ ለሰው ነው። «ዳታ» ብትሉትም «መልእክት» ብትሉት፣ በአማርኛም ብትጽፉት፣ ዋናው አንባቢው እንዲገባው ነው። ቁጥሩ ግን ለማሽኑ ነው። ንድፉ ወደ ሰሌዳ ሲቀየር ፕሮግራሙ የምልክቱን ፒን 2 ሰሌዳው ላይ 2 ተብሎ ከተቆጠረው ቀዳዳ ጋር ያገናኛል። ስሙን አያይም። ፒኑ ምልክቱ ላይ የት እንደተቀመጠም አያይም። ስለዚህ ለንባብ እንዲመች ኃይሉን ከላይ፣ ግራውንዱን ከታች፣ ዳታውን ከጎን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ቁጥሩ ትክክል ይሁን እንጂ።

ዓይነቱ ደግሞ ለተቆጣጣሪው ነው። ኃይሉና ግራውንዱ «ኃይል ተቀባይ» ናቸው። ዳታውስ? ሴንሰር ስለሆነ «ውጤት ሰጪ» ብላችሁ ገምታችሁ ይሆናል። ግን በዲኤችቲ22 መጀመሪያ ማይክሮኮንትሮለሩ በዚያው ሽቦ ላይ ጥያቄ ይልካል፤ ሴንሰሩም በዚያው ሽቦ ይመልሳል። ስለዚህ «ባለ ሁለት አቅጣጫ» ነው። ኪካድ የኤሌክትሪክ ሕግ ፍተሻ ሲያደርግ እነዚህን ዓይነቶች አይቶ፣ ለምሳሌ ሁለት ውጤት ሰጪ ፒኖች እርስ በርስ ከተገናኙ፣ ያስጠነቅቃችኋል።

ፍተሻው የማያየው ስሕተት

«እንግዲያው ፍተሻውን ካለፈ በቃ» እንዳትሉ። ፍተሻው ዓይነትን እንጂ እውነትን አያውቅም። ቢሲ547 እና 2ኤን3904 የሚባሉትን ሁለት ትራንዚስተሮች እንመልከት። በመልክ አትለዩአቸውም። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ እናንተ፣ እግራቸውን ወደ ታች ብትይዟቸው የመጀመሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። ሁለተኛው ግን ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ልክ የመስታወት ምስሉ! የአንዱን ቁጥር ለሌላው ብትሰጡ ኮምፒውተሩ ምንም አይልም። ንድፉ ያምራል፤ ሰሌዳው ግን እንደታሰበው አይሠራም።

በእኛ አገር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሰሌዳ ከውጭ አገር ካዘዛችሁ በውጭ ምንዛሬ ይከፈላል፤ ለሳምንታት ይጠበቃል፤ ርካሾቹ አምራቾች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአምስት በታች አይሠሩም። አንድ የተሳሳተ ቁጥር አምስት የተበላሸ ሰሌዳ ይዞ ይመጣል።

መድኃኒቱ ግን አንድ ወረቀት ነው። ከማዘዛችሁ በፊት የሰሌዳውን ንድፍ በትክክለኛ መጠኑ አትሙ። ዕቃውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጡና እግር በእግር፣ ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ከተቻለ ምልክቱን ያልሠራ ጓደኛችሁ ያመሳክርላችሁ፤ የራስን ስሕተት ማየት ይከብዳል።

የሠራችሁት ምልክት በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። እንጅባራ የተሠራውን በፍላሽ ዳንግላ ላለው ክበብ መስጠት ይቻላል፤ ትክክል ከሆነ እነሱ ከዜሮ አይጀምሩም፤ ስሕተት ካለበት ግን ስሕተቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከማካፈላችሁ በፊት በእውነተኛ ዕቃ ሞክሩት።

ለመጀመር ቤት ካላችሁ ዕቃ ቀላሉን ምረጡ። ሦስት እግር ያለው ይበቃል። መልካም ሙከራ!