«40 በመቶ ደን» እና ሌሎች ከሰሌዳ ያልጠፉ ተረቶች

በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን የአካባቢ ትምህርት የለም ማለት አይቻልም። በአንደኛ ደረጃ «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት አለ። በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፤ ቢያንስ በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ሰብሳቢና ጸሐፊ አለው። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲም ስለ አካባቢ ትምህርትና ግንዛቤ ራሱን የቻለ ክፍል ይዟል። ብዙ የተወራለት ነገር ብዙ ተረትም ይሰበስባልና በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ሲነገሩ የኖሩ አንዳንድ አባባሎችን መፈተሽ ሳይሻል አይቀርም። አንዳንዱ ወላጅ ቤት የሚነገር ነው፣ አንዳንዱ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚወርድ። የመጀመሪያው ግን ከክፍል ውስጥ ነው።

«ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 በመቶ ነው»

ይህን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በሰልፍ ላይ ይነበባል፣ በሚኒ ሚዲያ ይተላለፋል፣ የሪፖርት መግቢያ ይሆናል። ችግሩ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአገሪቱን ደን የለካ ሰው አለመኖሩ ነው። የአየር ፎቶግራፍ አልነበረም፣ ሳተላይት አልነበረም፣ የደን ቆጠራም አልተካሄደም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የቁጥሩን ዱካ ወደኋላ ሲከተል ያገኘው ልኬት ሳይሆን አንዱ ሰነድ ከሌላው ሲቀባበለው የኖረ ግምት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደጋው ያለፉ ተጓዦች የጻፉትም በአብዛኛው ስለ እርሻና ስለ ገላጣ ሜዳ ነው።

በወሎ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ደለል ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ታሪክ ይናገራል። ተመራማሪዎች ከሐይቆቹ ሥር ያወጡትን ደለል በየንብርብሩ መርምረው በውስጡ የቀረውን የአበባ ብናኝ ሲቆጥሩ፣ በዚያ አካባቢ የነበረው ደን ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ተመንጥሮ እንደነበር፣ ብዙ ቆይቶም በመካከለኛው ዘመን ጽድ መልሶ እንደበቀለ አይተዋል። ደኑ ሄዷል፣ ተመልሷል፣ እንደገና ሄዷል። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው» ከሚለው ታሪክ ይኸኛው ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ ለእኔ ይበልጥ የሚያጓጓም ነው፤ ምክንያቱም መልሶ መብቀል እንደሚቻል በማስረጃ ያሳያል።

3 በመቶ የሚባለውስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ባቀረበችው ሰነድ የደን ሽፋኗ 15.5 በመቶ ነው። በመካከል ዛፍ ከሰማይ አልወረደም። ከተለወጠው ነገር ዋናው «ደን» የሚባለው ምን እንደሆነ የሚወስነው መስፈርት ነው፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት፣ ቢያንስ 20 በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ። በዚህ መለኪያ ቀደም ሲል ቁጥቋጦና ጫካ እየተባለ ይታለፍ የነበረ ብዙ ቦታ ደን ሆኖ ተቆጥሯል። ይህ ማለት ግን ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። ያው ሰነድ ከ2000 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ገደማ ደን መመንጠሩን ይናገራል።

አሁን ይህን ወደ 7ኛ ክፍል አምጡት። ግማሽ ሄክታር ማለት ቁመቱ 100፣ ወርዱ 50 ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ገመድ፣ ችካልና አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደን ነው? የመስጊዱ ግቢስ? ከመንገድ ማዶ ያለው የባህር ዛፍ ተክልስ? በደቡብ ጎንደር ከሆነ ጥያቄው ይብስ ይጣፍጣል፤ እዚያ በብዙ ቦታ ከጥንቱ ደን የተረፈው ወይራ፣ ጽድና ዝግባ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ልጆቹ ባህር ዛፉና የቤተ ክርስቲያኑ ደን በመስፈርቱ እኩል «ደን» መባላቸውን ሲያዩ ይከራከራሉ። ይከራከሩ። የክርክሩ አንድ ሰዓት 40 እና 3ን ከመሸምደድ በላይ ያስተምራል።

«አካባቢን ማስተማር ማለት ችግኝ ማስተከል ነው»

የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተማሪና መምህር ችግኝ ያልያዘበት ክረምት የለም። መትከሉን የሚነቅፍ የለም፤ እኔም አልነቅፍም። እንደ ትምህርት ሲታይ ግን የቀን መቁጠሪያው አይገጥምም። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ችግኙ የሚሞተው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ትምህርቱ በተጧጧፈበት በጋ ነው። ተማሪው በሰርጉ ተገኝቶ ከኑሮው ይቀራል ማለት ነው።

ትምህርቱ ያለው በበጋው ነው። በየካቲት አንድ ክፍል ወጥቶ የተረፈውን ቢቆጥር መቶኛ ይሠራል፣ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ የሞተውንም ነቅሎ ያያል። ሥሩ የደረሰው እስከ የት ነው? ጉድጓዱ ስንት ስንዝር ነበር? የፍየል ጥርስ ነው ወይስ ጥማት? ላስቲኩ ሳይገፈፍ ከነከረጢቱ የተቀበረ ችግኝም ይገኛል፤ ሥሩ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ራሱን አንቆ። ይህን በእጁ ይዞ ያየ ልጅ በቀጣዩ ክረምት ላስቲክ አይረሳም። የሚላከው ሪፖርት ግን «የተተከለ» የሚል እንጂ «በሕይወት ያለ» የሚል ዓምድ ብዙ ጊዜ የለውም። ክበቡም የሚመሰገነው በመጀመሪያው ነው።

ደግሞ ዛፍ ሁሉ በረከት አይደለም። በአፋር «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚባለው ፕሮሶፒስ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በረሃማነትን እንዲከላከል ታስቦ ነበር። ዛሬ የግጦሽ መሬቱን ወሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቋል። የት፣ ምን፣ ለምን እንደሚተከል መጠየቅ የዘመቻ ተቃውሞ አይደለም።

«የአካባቢ ጉዳይ የጫካና የዱር እንስሳ ጉዳይ ነው»

የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎችን ያየ ሰው ቢያምን አይፈረድበትም። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ፏፏቴ። እነሱም ይታወቁ። ግን መቂ፣ ባቱ ወይም አዳማ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ልጆቹ ሲስቁ ተመልከቱ። የብዙዎቹ ጥርስ በልዟል። በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ «ጥርሱን ስለማይፍቅ ነው» የሚል ነው፤ ልጁም ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ይለምዳል።

እውነታው ከመፋቂያው ጋር ብዙም አይገናኝም። የስምጥ ሸለቆው አለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ በውስጡ ሲያልፍ የኖረ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ልጅ ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ገደማ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ከጠጣ የጥርሱ የላይኛው ሽፋን ተበላሽቶ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ በቀን አሥር ጊዜ ቢፍቀው አይነጣም። በወንጂ ስኳር ልማት ለብዙ ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ላይ ደግሞ ጉዳቱ አጥንትና አከርካሪ ድረስ መድረሱ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል።

ሌላም ተረት ተከትሎ ይመጣል፦ «አፍልቶ መጠጣት ነው።» ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም የቀረው ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል። የሚሠራው እንደ አጥንት ከሰል ያለ ማጣሪያ፣ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ ወይም ከሌላ ቦታ የሚመጣ ቧንቧ ነው።

እንግዲህ እዚያ ያለ መምህር ከዚህ የተሻለ የአካባቢ ትምህርት ከየት ያመጣል? ጂኦግራፊ አለበት፣ ኬሚስትሪ አለበት፣ የሰውነት ክፍል አለበት፣ «የቀበሌያችን ቦኖ ከየትኛው ጉድጓድ ነው የሚመጣው?» የሚል የዜግነት ጥያቄም አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ስለ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ሲናገር ይህንንም ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ልጁ ቆሻሻ ስለሆነ እንዳልሆነ ይነገረዋል። በደጋው ያለ መምህርም የራሱ አለው፦ የማድቤት ጢስ፤ ማሳ ላይ መዋል ሲገባው ምድጃ ውስጥ የሚነድ ኩበት። ዋልያ ላይ ለመድረስ አይቸኩል።

«መጀመሪያ ሌላ የትምህርት ዓይነት ይጨመር»

አይጨመር። ጥቅምት 1970 ዓ.ም. በተብሊሲ፣ ጆርጂያ፣ ዩኔስኮ የጠራው የመጀመሪያው የመንግሥታት የአካባቢ ትምህርት ጉባኤ ይህን ጉዳይ አንስቶ የአካባቢ ትምህርት በሁሉም ትምህርቶች ውስጥ የሚያልፍ እንዲሆን መክሯል። የልጆቹ ክፍለ ጊዜ አስቀድሞ ሞልቷል፤ አዲስ መጽሐፍ ታትሞ እስኪደርስም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ያውቀዋል።

«ልጆቹ ካወቁ ይለወጣሉ»

ይህ ተረት በጎ ሰዎች የሚያምኑት ስለሆነ ለመንቀል ያስቸግራል። ሀንገርፎርድና ቮልክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 የነበረውን ምርምር አገላብጠው፣ እውቀት ሲጨምር ጠባይ በራሱ ይከተላል የሚለው እምነት በጥናት እንደማይደገፍ ጽፈዋል። ባለቤትነት መሰማት አለበት፤ «ይህን እችላለሁ» የሚል ክህሎትም ያስፈልጋል።

ፌስታል በአፈር ውስጥ እንደማይበሰብስ በፈተና በትክክል የመለሰ ልጅ፣ ከክፍል ሲወጣ የትምህርት ቤቱ ቆሻሻ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ከነፌስታሉ ሲነድ ያያል። ከሁለቱ የትኛውን ተማረ? ሽንት ቤቱ ውሃ ከሌለው፣ ስለ እጅ መታጠብ የተሰጠው ትምህርት ምን ይሆናል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ክምር የአንድ ሰፈር አልነበረም፤ የከተማው የየቤቱ ነበር። አንድ ክፍል ለአንድ ሳምንት ከየቤቱ የሚወጣውን ቢመዘግብ፣ ቆራሌው ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን እንደሚገዛ፣ ባዶ ሃይላንዱም ፈላጊ እንዳለው፣ ፌስታሉን ግን በነፃ እንኳ የሚወስድ እንደሌለ ራሳቸው ይደርሱበታል። የቆራሌው ሥራ የአካባቢ ጥበቃ መሆኑን የሚናገር መጽሐፍ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ማስፈራራት አንድ ነገር። ለ2ኛ ክፍል ልጅ ምድር ልትቃጠል ነው፣ ውሃ ሊያልቅ ነው ማለት ትጋትን ያመጣል የሚሉ አሉ። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ዴቪድ ሶቤል ከ4ኛ ክፍል በፊት የጥፋት ወሬ ይቅር፣ ልጅ መጀመሪያ ከአካባቢው ጋር ይዋደድ ይላል። እኔም ከእሱ ወገን ነኝ። የጉንዳን ቤት የሚያሳይ መምህር ካለ እሱ ይቅደም።

«ፈተና ላይ ስለማይመጣ ጊዜ ማባከን ነው»

ይህኛው ተረት አይደለም። ወላጅም መምህርም እውነታቸውን ነው። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና የልጁን ዕጣ ይወስናል፤ ርዕሰ መምህሩ የሚጠየቀውም ስንት አሳለፍክ ተብሎ ነው። ተማሪዎቹን ወደ ቦረቦር ይዞ የወጣ መምህር ያን ክፍለ ጊዜ ከምዕራፍ መሸፈኛው ላይ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ «መምህሩ ተነሳሽነት የለውም» የሚለውን ወቀሳ እኔ አልቀበለውም።

መለወጥ ያለበት ጥያቄው ነው፤ ለዚያም ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ማስመሪያና በየጠዋቱ አንድ ተረኛ ተማሪ የዝናብ መለኪያ ይሆናሉ፤ ከቦረቦሩ ጠርዝ ላይ የተተከለ ችካል ደግሞ መሬቱ ምን ያህል እንደተቆረሰ ያሳያል። ከዚያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማውጣት ይቻላል፦ በመጀመሪያው ሳምንት 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአምስት ቀን ተከፋፍሎ ዘነበና ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ተቆረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ያው 60 ሚሊ ሜትር በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደና 15 ሴንቲ ሜትር ተቆረሰ። የዝናቡ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከምን መጣ? ከላይ ያለው ማሳ እርከን ቢኖረው የትኛው ቁጥር ይለወጥ ነበር?