ስለ ተንቀሳቃሽ የራዲዮ ጣቢያ ኀይል አያያዝ

በምሥራቅ ጎጃም፥ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ደጋ ለጤፍና ለስንዴ የተመቸ ምድር ነው። ነገር ግን ሰብል ሊመረምር ወደ ዓባይ ቈላ የሚወርድ የእርሻ ሠራተኛ ስልክ ወደማይደርስበት ገደል ሊገባ ይችላል፤ በክረምትም ጭቃና የወንዝ ሙላት መንገዱን ይዘጉበታል። የበረሃ አንበጣ መንጋ ደግሞ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበራል። እንግዲህ ወሬው አንድ ቀን ቢዘገይ፥ ረጪዎቹ መንጋው ከለቀቀው ስፍራ ይደርሳሉ። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ በአገራችን ያጠፋውን ሰብል ማንም አይዘነጋውም።

ስለዚህ ራዲዮ ይዞ መውጣት ይገባል። ይህም ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ በጋማ ከብት የተጫነ ራዲዮ ይዞ ነበር፤ ከካርቱምም ጋራ የተላላከው በዚያ ነው። ዳሩ ግን ኀይል ያጣ ራዲዮ ዘይት እንዳለቀበት ፋኖስ ነው። መሣሪያው ደኅና ሳለ ባትሪው ስለ ደከመ ብቻ መልእክት ይቀራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ «አንድ አምፔር ሰዓት» ይባላል። 100 ዋት የሚልክ ራዲዮ ሲያዳምጥ 1 አምፔር፥ ሲናገር በአማካይ 10 አምፔር ያህል ይወስዳል እንበል። በቀን አምስት ሰዓት ቢያዳምጥና ግማሽ ሰዓት ቢናገር ለእያንዳንዱ 5፥ በጠቅላላው 10 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል። የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ከእኩሌታው በታች ቢራገፍ ቶሎ ስለሚበላሽ፥ ባለ 60ው የሚሰጠው 30 ብቻ ነው፤ ይኸውም የሦስት ቀን ስንቅ ነው።

አሁን ግን ሠራተኛው ጧት በ1 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲያዳምጥ፥ በቀንም ከ12 ደቂቃ በላይ እንዳይናገር ቢታዘዝ፥ ወጪው 3 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ያው ባትሪ ዐሥር ቀን ይቈያል። እንግዲህ ከትልቅ ባትሪ ይልቅ የተወሰነ ሰዓት ይበልጣል። ደግሞም የመላኪያውን ኀይል ከ100 ወደ 50 ዋት ቢቀንሱት ሰሚው ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም፤ ባትሪው ግን ያውቀዋል።

ባትሪውን ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። 60 ዋት ያለው የፀሐይ ሰሌዳ በጠራ ቀን በአራት ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ በክረምት ደመና ግን ሲሶውን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ጄኔሬተር ደመና አያግደውም። ነገር ግን ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ስለሆኑ፥ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከኀይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ ተርፎ የሚበቃውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ስለ አያያዙም ይህ ይጠበቅ። ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ሲያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲያሳይ ተጋምሷልና ይሞላ። ውሃው ሲጐድል የተጣራ ውሃ እንጂ የምንጭ ውሃ አይጨመርበት። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ስለሚፈነዳ፥ ከምድጃና ከሲጃራ ይራቅ። ቀዩ ሽቦ ከመደመር፥ ጥቁሩ ከመቀነስ ምልክት ይታሰር፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። በበቅሎ ሲጫን ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ቢጋደም አሲዱ ፈስሶ የከብቱን ጀርባ ያቃጥላል። ገንዘብ ከተገኘ የሊቲየም ባትሪ ይሻላል፤ ያንኑ ኀይል ሰው ሊሸከመው በሚችል ክብደት ይሰጣልና።

ይህን ጥበብ በዓለም ያሉ አማተሮች፥ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀት በራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች፥ ሲለማመዱት ኖረዋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ. የተባለውን ጣቢያ በአዲስ አበባ አቋቁሟል። ሆኖም የአማተር ሞገድ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለምና፥ ከእነርሱ ዘዴውን እንማር እንጂ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ፈቃድ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቅ።

እንግዲህ የወረዳ ኀላፊ ሁሉ ሠራተኛውን ወደ ቈላ ከመስደዱ በፊት የስንቁን ቀን እንደሚቈጥር፥ የባትሪውንም ቀን ይቍጠር።