የመምህራን አካዳሚያዊ ሥራዎች የቅጂ መብት ባለቤትነት፦ ከአዋጅ ቁጥር 410/1996 አንጻር

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የጥናት ጽሑፉ በመጽሔት ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ብዙውን ጊዜ የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው የሚያስተላልፍ ቅጽ ይፈርማል። ቅጹ ፈራሚው የመብቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። በኢትዮጵያ ሕግ ግን ይህ ግምት ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በመርሕ ደረጃ የኢኮኖሚ መብቱን ለሥራው አመንጪ ይሰጣል። ሆኖም ተቀጣሪ በቅጥር ሥራው ላይ ሳለ ያመነጨው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው እንደሚሆን አንቀጽ 21 ይደነግጋል። ድንጋጌው መምህራንን ከሌሎች ተቀጣሪዎች አይለይም። እንግዲህ ክርክሩ የሚያርፈው የመምህር የቅጥር ሥራ እስከምን ይደርሳል በሚለው ላይ ነው። ተቋሙ አዝዞና ክፍያ መድቦ ያስጻፈው ሞጁል ብዙ አያከራክርም። ምርምር ግን ከዚህ ይለያል። መምህሩ እንዲመራመር ይጠበቅበታል፤ የማዕረግ ዕድገቱም በኅትመቱ ይመዘናል። ይሁን እንጂ ርእሱን የሚመርጠው፣ መደምደሚያውን የሚወስነው፣ የሚያሳትምበትንም መጽሔት የሚለየው ራሱ ነው። ግዴታውን ብቻ አይቶ የአሠሪውን ቁጥጥር አለመኖር መዘንጋት አንቀጹን ከዓላማው በላይ መለጠጥ ይሆናል።

በአሜሪካ ይህን ልዩነት ያበጁት ዳኞች ናቸው። በ1969 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የክፍል ማስታወሻ እየሸጠ በሚነግድ ሰው ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ባቀረበው ክስ፣ የትምህርት ገለጻው መብት የዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የመምህሩ ነው ሲል ወሰነ። የ1976ቱ የፌዴራል ሕግ ስለ መምህራን በዝምታ አልፏል። በ1988 ሰባተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሄይስ ሶኒን በከሰሱበት ጉዳይ፣ ልዩ ሁኔታው አልተሻረም ወደሚል ድምዳሜ ሊያዘነብል እንደሚችል ቢጠቁምም ጉዳዩን በዚያ ነጥብ አልቋጨም።

የሞራል መብት የተለየ ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ቢሆን ከአመንጪው አይለይም። ስለዚህ ሞጁል በታደሰ ቁጥር የመጀመሪያውን አዘጋጅ ስም ከሽፋኑ ማውጣት፣ ዩኒቨርሲቲው ባለቤት ነው ተብሎ እንኳ የሚፈቀድ አይደለም።

አዋጁ ለስምምነት በር ስለከፈተ በቅጥር ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል፦ የምርምር ጽሑፍ የመምህሩ፣ የማስተማሪያ ጽሑፍ ደግሞ ለተቋሙ በፈቃድ የሚሰጥ ተብሎ። ተማሪ ተቀጣሪ ባለመሆኑ የመመረቂያ ጽሑፉ በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ ደመወዝ እየተከፈለው ለትምህርት የተላከ መምህር ጽሑፍ ግን ይገባል፤ የትምህርት ውሉም ስለዚህ ከፊርማው በፊት ሊናገር ይገባል።