ቪዲዮ አለን፣ ፎቶ የለንም
የጋሞ ሸማ ከስልክ ቀረጻ ወደ ኢንተርኔት መደብር እንዴት ይደርሳል?

ከአርባ ምንጭ ተነሥተው ወደ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ሲወጡ ጨንቻ ይደርሳሉ። ከታች የዓባያና የጫሞ ሐይቆች፣ ሙቀቱና የሙዝ እርሻው ይቀራሉ፤ ከላይ ጭጋግ፣ እንሰት፣ ቀርከሃና የመወርወሪያ ድምፅ ይቀበልዎታል። በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ዶርዜ ስሟ ከሽመና ጋር ተያይዞ የሚነሣ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተሰቅሎ የምናየው ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ ብዙው ከዚህ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሥራ ነው።

ዛሬ ይህ ሸማ የሚሸጠው በሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም። በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ይሸጣል፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም በኤትሲና በመሳሰሉት የኢንተርኔት ገበያዎች መደብር ከፍተው ይሸጡታል። አባት ይሸምናል፣ እናት ትፈትላለች፣ ልጅ ደግሞ በስልክ ይቀርጻል። የቤቱ ሥራ ክፍፍል በብዙ ቦታ እንዲህ ሆኗል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚቀርጸው ቪዲዮ ነው፤ ቲክቶክና ቴሌግራም የሚወዱት ይህንኑ ስለሆነ። የኢንተርኔት መደብር ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ፎቶ ነው፣ ያውም በሕግ የታጠረ ፎቶ። የእጅ ሥራ ደግሞ እንደ ፋብሪካ ዕቃ መቶ ተመሳሳይ የለውም። ሸማው ተጠቅልሎ በመኪና አዲስ አበባ ከገባና ከተሸጠ በኋላ «እስቲ አምጡት፣ እንደገና ላንሣው» አይባልም። ያንን ጥለት ድጋሚ ለማሠራት የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ በእጅ የቀረው ማስረጃ ያ ቪዲዮ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቪዲዮ ውስጥ ተቀባይነት ያለው ፎቶ ማውጣት መቻል ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የገቢ ጉዳይ ነው።

ገበያዎቹ ምን ይጠይቃሉ?

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን የምንመልሰው ጥያቄ «ፎቶዬ ለምን አልተቀበሉትም?» የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከውበት ጋር አይገናኝም።

አማዞን ለዋናው ፎቶ ፍጹም ነጭ ጀርባ ይጠይቃል፤ በኮምፒዩተር ቋንቋ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም 255 የሆነ ነጭ ማለት ነው። ዕቃው የፎቶውን 85 በመቶ መሙላት አለበት። ጽሑፍ፣ አርማ፣ ክፈፍና የውሃ ምልክት አይፈቀድም። የፎቶው ረጅሙ ጎን ቢያንስ 500 ፒክስል መሆን አለበት፤ ገዢው አቅርቦ እንዲያየው ከተፈለገ ግን 1000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለልብስ ደግሞ የራሱ ተጨማሪ ደንብ አለ፤ ለምሳሌ ልብሱ የለበሰው አሻንጉሊት በፎቶው ላይ መታየት የለበትም።

ኤትሲ ለጀርባው ቀለም እንዲህ ጥብቅ አይደለም፤ ግን አጭሩ ጎን 2000 ፒክስል እንዲሆን ይመክራል። ኢቤይ ቢያንስ 500 ፒክስል ይጠይቃል፣ ክፈፍና በላዩ የተጻፈ ጽሑፍም አይቀበልም። በጉግል የግብይት ገጾች ላይ የሚወጣ የልብስ ፎቶም ቢያንስ 250 በ250 ፒክስል ሆኖ ከማስታወቂያ ጽሑፍና ከውሃ ምልክት ነፃ መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር የሚጋጨው የለመድነው የቴሌግራም ልማድ ነው። እኛ ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩንና የሱቁን ስም በትልቁ ፎቶው ላይ እንጽፋለን። ለቴሌግራም ይጠቅማል፤ ለሌላው ገበያ ግን ውድቅ ያስደርጋል። መፍትሔው ሁለት ቅጂ መያዝ ነው፦ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው የተጻፈበት። ንጹሑን ምን ጊዜም አያጥፉት።

ከቪዲዮው ስንት ፒክስል ይወጣል?

ቪዲዮ በፍጥነት የሚገላበጡ ብዙ ፎቶዎች ስብስብ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ በ3 ሰከንድ 90 ፎቶ አስቀምጧል ማለት ነው። ጥያቄው የእያንዳንዱ ፎቶ መጠን ነው።

ስልኩ የተስተካከለው በፉል ኤችዲ ከሆነ አንዱ ፍሬም 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ስልኩን አቁመው ከቀረጹና አራት ማዕዘን አድርገው ከቆረጡት 1080 በ1080 ይቀራል። የአማዞንን 1000 ለጥቂት ያልፋል፤ ለኤትሲ ምክር ግን ግማሽ ያህል ነው። ሸማው የምስሉን ስፋት ግማሽ ብቻ ይዞ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ራሱ 540 ፒክስል ነው። 85 በመቶ እንዲሞላ አስጠግተው ሲቆርጡት ፎቶው 635 ፒክስል ያህል ይሆናል፤ ይኼ ተቀባይነት ቢያገኝም ገዢው አቅርቦ ሊያየው አይችልም።

በፎር ኬ የተቀረጸ ከሆነ አንዱ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክስል ነው። አራት ማዕዘኑ 2160 በ2160 ይሆናል፣ የኤትሲንም ምክር ያልፋል። ፎር ኬ የስልክ ማኅደር ቶሎ ስለሚሞላ ቀኑን ሙሉ በእሱ መቅረጽ አያስፈልግም። ሸማው ተዘርግቶ የሚታይበትን አንድ ደቂቃ ብቻ በፎር ኬ መቅረጽ በቂ ነው።

አቅርቦ ማየት ለሸማ ለምን ያስፈልጋል? በገበያ ገዢዋ ጋቢውን በጣቷ ትዳብሳለች፣ ነጠላውን ወደ ብርሃን አንሥታ ክሩን ታያለች። በኢንተርኔት ላይ ይህን የሚተካላት የቀረበ ፎቶ ብቻ ነው።

ፍሬሙን ማውጣት

በመጀመሪያ ዋናውን ቪዲዮ ያግኙ። ከቲክቶክ የወረደ ቅጂ የመድረኩ ምልክት አለበት። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከም ተጨምቆ ጥራቱ ቀንሷል። ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ሲላክ በቴሌግራም «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ ያኔ እንዳለ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ የስክሪን ፎቶ አያንሡ። የስክሪን ፎቶ የሚሰጥዎት የቪዲዮውን ሳይሆን የስልክዎን መስታወት መጠን ነው፤ አንዳንዴም የማጫወቻው ምልክቶች አብረው ይገባሉ። በኮምፒዩተር ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ ፍሬሙን በሙሉ መጠኑ የሚያስቀምጥ ምርጫ አለው። ጉግል ፎቶስ ላይም ቪዲዮውን ለማስተካከል ሲከፍቱ አንዱን ፍሬም ለይቶ የሚያወጣ ምርጫ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ የሚመርጡት ካሜራውም ሸማውም ጸጥ ያሉበትን ቅጽበት ይሁን። ነፋስ ያነሣው ነጠላ በቪዲዮ ሲታይ ያምራል፣ በፎቶ ግን ጥለቱ ይደበዝዛል። አሥር ያህል ፍሬም አውጥተው የጥለቱን ጠርዝ አቅርበው ያወዳድሩ፤ ክሩ አንድ በአንድ የሚታይበትን ያስቀሩ።

ነጭ ሸማ በነጭ ጀርባ ላይ

የእኛ ልብስ የራሱ ፈተና አለው። ገበያው ነጭ ጀርባ ይፈልጋል፣ ነጠላና ጋቢም ነጭ ናቸው። ጀርባውን በሚያጠፉ መተግበሪያዎች ሲቆርጡት የነጠላው ጫፍና ዘርፉ አብሮ ይቆረጣል፤ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

መድኃኒቱ ያለው ቀረጻው ላይ ነው። ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ፤ ያኔ እጥፋቱ ቀጭን ጥላ ይሠራል፣ ጨርቁም ከጀርባው ይለያል። ሸማውን ሲቀርጹ ከጀርባው ግራጫ ወይም ሌላ ወጥ የሆነ ጠቆር ያለ ጨርቅ ያድርጉ፤ መተግበሪያው ድንበሩን በቀላሉ ያገኘዋል፣ ነጩን ጀርባ በኋላ ይተካሉ። የጨንቻና የዶርዜ ደመናማ ቀን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። በአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ ግን ነጩ ክር ነድዶ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል፤ እንዲህ የጠፋን ዝርዝር የትኛውም መተግበሪያ አይመልሰውም። ጥላ ሥር ይግቡ፣ ወይም ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይቅረጹ።

የቀለም ጉዳይም አለ። ድንጉዛ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁሩ ይታወቃል። ስልኩ እየተንቀሳቀሰ በራሱ ብርሃን ሲያስተካክል ቀዩ በአንዱ ፍሬም ብርቱካን፣ በሌላው ወይን ጠጅ ይሆናል። ከመቅረጽዎ በፊት መስታወቱን በጣትዎ ጫን ብለው ይያዙ፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ኤችዲአር የሚባለውን ምርጫም ያጥፉ፤ በእሱ ከተቀረጸ ቪዲዮ የሚወጣ ፎቶ ብዙ ጊዜ የገረጣ ይሆናል። ማታ በአምፖል የሚቀርጹ ከሆነ በምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር ሰንበር ሊያዩ ይችላሉ። የአገራችን የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

ማሳመር የት ላይ ይቆማል?

አሁን የደበዘዘ ፎቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «የሚያጠሩ» መተግበሪያዎች በዝተዋል። ለሸማ ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። መተግበሪያው የጎደለውን ክር ከቪዲዮው ፈልጎ አያመጣውም፤ በግምት ይሥለዋል። ጥለቱ ከአምስት መስመር ወደ አራት ሊወርድ፣ ዘርፉ ሊቀየር ይችላል።

ከዚህ የባሰ ጉዳትም አለው። በአብዛኛው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ገበያው ላይ ጥለታችንን አስመስለው በማሽን ያተሙ ጨርቆች በሞሉበት ጊዜ የእጅ ሥራን የሚለየው ይኸው አለመስተካከል ነው። መተግበሪያው ግን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ይደመስሰዋል፤ የእናት የእንዝርት ሥራ የፋብሪካ ጨርቅ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ማሳመሩ ጀርባውን በመቀየር፣ በመቁረጥና ብርሃን በማስተካከል ይብቃ።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫን ይከለክላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይትም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1205 ይመራል። ከፎቶው የተለየ ዕቃ የደረሳት ደንበኛ ደግሞ አዋጅ አትጠቅስም፤ ዕቃውን ትመልሳለች፣ የመላኪያውን ኪሳራ የሚሸከመውም ቤተሰቡ ነው።

በፍሬሙ ውስጥ ያለው ሰው

ቪዲዮ ከጨርቁ ሌላ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ልጆቹን። ፍሬሙን ከማውጣትዎ በፊት ፊቱ የሚታየውን ሰው ያስፈቅዱ። ሸማኔው ለቲክቶክ መቀረጽን ፈቅዷል ማለት ፊቱ ለዓመታት በውጭ አገር መደብር ላይ እንዲቀመጥ ፈቅዷል ማለት አይደለም።

የልጆች ነገር ደግሞ በቸልታ አይታለፍም። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በልጆች ወይም በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ተካቷል። ከጋሞ ደጋ ለሽመና ተብለው ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት ታሪክ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። ውጭ ያለ ጠንቃቃ ገዢ ይህን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። ልጅ በሽመናው ጉድጓድ አጠገብ የሚታይ ከሆነ ፍሬሙን ቆርጦ መለጠፍ መልስ አይሆንም፤ ልጁ ትምህርት ቤት መሆን ይገባዋል። አዋቂው ሸማኔ በፈቃዱ፣ በራሱ ቤት ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ግን ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ያሳምናል። ብዙዎቹ መደብሮች ከፎቶው ጎን ቪዲዮ እንዲያያዝ ስለሚፈቅዱ ያንን ቦታ ይጠቀሙበት።

ለሚቀጥለው ቀረጻ

ሸማው ከመጠቅለሉ በፊት አምስት ደቂቃ ይመድቡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

1. የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ስልኩን በፎር ኬ ላይ ያድርጉ፣ ኤችዲአሩን ያጥፉ።

2. ሸማውን በወጥ ጀርባ ላይ ዘርግተው ምስሉን እስኪሞላ ይጠጉ። ብርሃኑ ከጎን ይሁን።

3. ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፈው በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ሰከንድ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ፦ ሙሉው፣ ግማሹ ታጥፎ፣ ጥለቱ በቅርብ፣ ዘርፉ፣ የኋላው ገጽ።

4. በመጨረሻ ሰው ለብሶት ይቁም፤ ገዢዋ ርዝመቱን በዚያ ትገምታለች። ርዝመትና ስፋቱን በሜትር ለክተው ከቪዲዮው ጋር ይጻፉ።

5. ዋናውን ቪዲዮ በሸማው መለያና በቀኑ ሰይመው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

ይህ ሁሉ ስቱዲዮም ውድ ካሜራም አይጠይቅም። በቤት ያለው ስልክ፣ አንድ ግራጫ አንሶላና የደጋው ደመና ይበቃሉ። አንድ ጋቢ ሠርቶ ለማውጣት ፈትሉን ጨምሮ የስንት ቀን ድካም እንደሚጠይቅ ለጋሞ ቤተሰብ መንገር አያስፈልግም፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ላይ አምስቱን ደቂቃ መጨመር ግን ሥራው በሩቅ ላለ ሰው እንደ እውነቱ እንዲታይ ያደርገዋል።